ዓይናችሁን ጨፍኑ ያሉን ቀን

ከአረብ አገር ከተመለስኩ ሁለተኛ ክረምቴ ነበር። መካነ ሰላም እናቴ ቤት ተቀምጬ ሰው ሁሉ ይመክረኛል። አንዱ አግቢ ይላል፣ አንዱ ሱቅ ክፈቺ ይላል፣ ሌላው ደግሞ እዚያው ተመለሺ ይላል። ምክር የሚባል ነገር አንገፍግፎኝ ነበር።

አንድ ጠዋት የጓደኛዬ እናት መጡ። ጓደኛዬም እንደ እኔ አረብ አገር ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ የተመለሰች ናት፤ ከመጣች ጀምሮ ግን ካልጠየቋት አትናገርም፣ ቢጠይቋትም «እሺ» ወይም «አይ» ነው።

«ልጄ፣ ከአዲስ አበባ ሰዎች መጥተዋል አሉ» አሉኝ። «ከስደት ለተመለሱ ልጆች ልብ የሚያሳርፍ ነገር በሙዚቃ ያደርጋሉ አሉ። አንቺ ካልሄድሽ እሷ ንቅንቅ አትልም።»

«ሙዚቃ ልብ ቢያሳርፍ ኖሮ ከሰርግ ቤት እያለቀሰ የሚወጣ አይኖርም ነበር።»

«ምላስሽ አይጣል! በአላህ ይዤሻለሁ፣ ውሰጃት።»

«እሺ፣ ለአንቱ ስል ነው» አልኩና ሄድን።

አዳራሹ ውስጥ ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ ገፍተው ወለሉ ላይ ስስ ፍራሽ ደርድረዋል። ከፊት አንድ ሰውዬ ቫዮሊን ይዟል፤ አጠገቡ አንዲት ሴት ቼሎ የሚባለውን፣ ቁመቱ ሰው የሚያህለውን መሣሪያ ጉልበቷ መሐል አቁማለች። የምትመራን ማይክራፎን የያዘች ወጣት ናት፤ ድምፅዋ እንደ ጥጥ የለሰለሰ።

«ዛሬ የምናደርገው ተመስጦ ይባላል» አለች። «እኔ በቃል እመራችኋለሁ፤ እነሱ እዚሁ ክላሲካል ሙዚቃ ይጫወቱላችኋል። ከእናንተ የሚጠበቀው መተንፈስ ብቻ ነው።»

«መተንፈስ ባናውቅ ኖሮ በሬሳ ሣጥን ነበር የምንመጣው» አልኳት ጓደኛዬን በሹክሹክታ። አልሳቀችም።

ጫማ አውልቁ፣ በጀርባችሁ ተኙ፣ ዓይናችሁን ጨፍኑ ተባልን። የመኪና ጩኸት እንዳይረብሸን ብለው በሩንም መስኮቱንም ዘጉት። ከኋላዬ አንዲት ጠና ያሉ ሴት «ያረቢ፣ እንደ ሬሳ ደርድረው አስተኙን እኮ!» ሲሉ ጥቂቶች ሳቁ።

ሙዚቃው ተጀመረ። ልዋሽ አልችልም፣ ሙዚቃውን አልጠላሁትም። የትልቁ መሣሪያ ድምፅ ወለሉን ይዞ በጀርባዬ በኩል ገባ። ዝም ብለው ቢጫወቱ ኖሮ ምናልባት ዝም ብዬ እሰማ ነበር። ማይክራፎን የያዘችው ሴትዮ ግን አላስችል አላትና ቃሏን በላዩ ታፈስበት ጀመር።

«አሁን በአንድ ትልቅ ነጭ ቤት ውስጥ ናችሁ። ቤቱ ጸጥ ያለ ነው። በሮቹ ሁሉ ተዘግተዋል። ማንም አይገባም። እዚህ ደህና ናችሁ።»

ደሜ ፈላ። ትልቅ ነጭ ቤት እኔ አውቃለሁ። ወለሉን ተንበርክኬ ወልውዬዋለሁ። በሩ ከውጭ ይቆለፋል፣ ቁልፉ በእመቤቲቱ ቦርሳ ውስጥ ይዞራል። እዚያ ቤት ጸጥታ ሆነ ማለት ሁሉም ወጥተው እኔ ተቆልፌ ቀረሁ ማለት ነው። ይህን ነው እንግዲህ «ደህና ናችሁ» የምትለን!

ዓይኔን ስገልጥ ጓደኛዬ እንባዋ በጆሮዋ ላይ ይወርዳል፤ የፍራሹን ጫፍ ጨምድዳ ይዛለች። ሴትዮዋም አይታታለች። «እንባው ይምጣ፣ አትከልክሉት» አለች፤ ፊቷ ላይ ደስታ ያየሁ መሰለኝ። ተነሥቼ ቆምኩ።

«በሩን ክፈቱ!»

«እህቴ፣ ተመልሰሽ ተኚ። የሚሰማሽ ንዴት ነው፣ በትንፋሽሽ አስወጪው።»

«ሳጠራቅመው የት ነበርሽና ነው አሁን አስወጪው የምትይኝ?»

«ሁላችንም እዚህ የመጣነው ለመፈወስ ነው።»

«በር ተቆልፎብሽ ያውቃል አንቺ?»

እሷ ለተጫዋቾቹ ቀጥሉ የሚል ምልክት ሰጠቻቸው። ሄጄ በሩን በረገድኩት፤ ብርሃኑና የጭቃው ሽታ ተግተልትሎ ገባ፣ ሚኒባስ ጠሪው «ደሴ! ደሴ!» ይላል። ከተኙት አንዷ «ኧረ ተይን አንቺ ሴት!» ብላ ጮኸችብኝ። ያን ጊዜ ባለቫዮሊኑ ክላሲካሉን ትቶ በአምባሰል ቅኝት መጫወት ጀመረ። እኚያ ጠና ያሉት ሴት አጨበጨቡ። እኔን ግን ይሄ የባሰ አበገነኝ፤ ለሚያለቅስ ሕፃን ከረሜላ እንደ መስጠት ነው።

«በገዛ ዜማችን አታባብለን!» አልኩት።

ሰውዬው ቫዮሊኑን ከትከሻው አወረደ። «እሺ፣ ምን ልጫወት?» አለኝ። የምሩን ነበር።

«ምንም!»

ጓደኛዬን በእጇ ስቤ አስነሣኋትና ወጣን። ድንጋይ ላይ አስቀምጫት እንባዋን በሻሼ ጫፍ ልጠርግላት ስል እጄን ገፈተረችው።

«አብሽሪ፣ ወጣን እኮ» አልኳት።

«ማን አውጪኝ አለሽ?»

ደነገጥኩ። «አለቀስሽ እኮ!»

«አዎ፣ አለቀስኩ! ከመጣሁ ጀምሮ እንባ የሚባል እምቢ ብሎኝ ነበር። ዛሬ ገና ሲመጣልኝ አንቺ ጎትተሽ አወጣሽኝ።»

«ሴትዮዋ ያንን ነጭ ቤት ስትጠራው ነዋ!»

«የምን ቤት? ቃሏን ማን ሰማት? እኔ ትልቁን መሣሪያ ነበር የምሰማው።»

ያን ያህል ስትናገር ከሰማኋት ስንት ጊዜዬ! ተነሥታ ተመልሳ ገባች። እኔ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ወሬው ቀድሞኝ ኖሮ እናቴ ደጃፍ ላይ ተቀበለችኝ፤ «እንግዳ ሰደብሽ አሉ» ብላ እስከ ምሳ ድረስ ስትቆጣኝ ዋለች።

ሰዎቹ በማግስቱም ተጫወቱ፤ እኔ አልሄድኩም። በሁለተኛው ቀን በሩን ከፍተው እንደተዉት፣ ሴትዮዋም ነጩን ቤት ትታ «ሜዳ ላይ ናችሁ» እንዳለቻቸው በኋላ ሰማሁ። እኔን ይቅርታ ልበላት ብሎ የመጣ ግን የለም። ከዚያ ዕቃቸውን ጭነው ወደ ደሴ ወረዱ።

ጓደኛዬ መናገር ጀመረች። ከእናቷ ጋር ታወራለች፣ ከጎረቤት ጋር ትስቃለች፤ እኔን ግን ስታየኝ መንገድ ትቀይር ነበር። እናቷ ሲያገኙኝ «አላህ ጀዛሽን ይክፈልሽ» እያሉ ይመርቁኛል። እሳቸው ሲመርቁኝ እሷ ስትሸሸኝ ክረምቱ አለፈ።

መስከረም ላይ ገበያ ውስጥ ሽንኩርት ስመርጥ አጠገቤ መጥታ ቁጢጥ አለች።

«ያን ቀን ተመልሰሽ ብትገቢ ጥሩ ነበር» አለችኝ።

«እኔ እዚያ አልተኛም።»

«ተቀምጠሽ ትሰሚ ነበር።»

«ተቀምጬም አልሰማም።»

«አንቺ እኮ ክፉ ነሽ» አለችኝና የያዝኩትን ሽንኩርት ቀምታኝ «ይሄ ውስጡ በስብሷል፣ ሌላ አንሺ» አለች።