ድንጋይ የሞላው ግቢ

ከአየር ጤና ወረድ ብሎ ባለው መንደር ጋሽ መሸሻ «ወርቅ ላይ የሚተኛው ሰውዬ» ይባላሉ። የምን ወርቅ! የሚጠብቁት ድንጋይ ነው። አንድ ወርቅ ፈላጊ ኩባንያ፣ ወርቅ ይኑረው አይኑረው ሊመረምር፣ ወለጋ ውስጥ መሬት ሰርስሮ ያወጣውን ዱላ ዱላ የሚያህል ድንጋይ በጣውላ ሳጥን ደርድሮ ግቢውን ሞልቶታል። ሲቀጠሩ የተሰጣቸው ትዕዛዝ አንድ ነው፤ ባዕድ ሰው እንዳይገባ።

እሳቸው ደግሞ ትዕዛዝ ሲያከብሩ ለጉድ ነው። ባለቤታቸው አልማዜ እዚያው ጥበቃ ቤት ውስጥ ያረፈች ዕለት፣ ዕድርተኛው ድንኳኑን ተሸክሞ መጣ። ጋሽ መሸሻ በሩን ዘግተው ፊቱ ቆሙ።

«ትዕዛዝ ነው፤ አይቻልም።»

ሰው ሁሉ ክው አለ። ድንኳኑ ጎረቤታቸው ገበያነሽ ደጅ ተተከለ። እሳቸው ግን ድንጋዩን ትተው የት ይቀመጣሉ? ከቀብር ተመልሰው ሳጥኖቹ መሃል ብቻቸውን ዋሉ፤ ለቀስተኛውም ሐዘንተኛው በሌለበት አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ መንደሩ ሰላምታውን ከሩቅ አደረገው። ቢሆንም «ኩባንያው ከለከለኝ እንጂ እኔ ምን አጠፋሁ?» እያሉ ይጽናኑ ነበር።

ዘንድሮ ኩባንያው ፍለጋውን ትቶ ፈቃዱን መለሰ። ከቢሮ መጥታ ድንጋዩን ያስጫነችው ወጣቷ ሌሊሴ፣ ጥበቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ የአልማዜን ፎቶ አይታ ጠየቀቻቸው። ሁሉንም ነገሯት።

«ውይ ጋሼ! ታዲያ ለምን አልደወሉልንም? ለለቅሶ ማን ይከለክልዎታል?»

ጋሽ መሸሻ መደወል ጭራሽ አላሰቡም ነበር።

መኪናው እንደወጣ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። ባዶውን ግቢ ጠርገው አግዳሚ ወንበር አወጡና ገበያነሽ ደጅ ሄዱ።

«ገበያነሽ፣ በሩ ተከፍቷል። ሰዉን ጥሪልኝና ግቡ፤ አልማዜን እናልቅሳት።»

ገበያነሽ እርጥብ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ትክ ብላ አየቻቸው። ቁጣዋ ከወጣላት ቆይቷል።

«ጋሽ መሸሻ፣ እኛማ ያኔ አልቅሰን ወጣን። የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ወደ ግቢያቸው ተመለሱ። በሩን አልዘጉትም። ለሰው ቦታ ትተው ከአግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ ማልቀስም ጀመሩ።