የተጣራ አየር

አሰላ፣ አጎቴን በማስታምምበት የሆስፒታል ክፍል ውስጥ፣ ጎናችን የተኙት ሽማግሌ በፒጃማቸው ላይ ከረባት ያስራሉ። ትንፋሽ እያጠራቸው እንኳ አይፈቱትም። አልጋቸው ሥር የሚያጉረመርመውን የኦክስጅን ማሽን ግን ይወዱታል። ውስጡ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ የሞላባቸው ነጫጭ ጠጠሮች እንዳሉ፣ ናይትሮጅኑን ይዘው ኦክስጅኑን ብቻ እንደሚያሳልፉ ነርሷ ሲስተር ሄለን ነግራቸዋለች።

«ልክ እንደ ጸሐፊዬ!» አሉኝ በኩራት። «ግፊያውን ሁሉ በር ላይ ይዛ፣ ለእኔ የሚጠቅመውን ብቻ ነበር የምታስገባው።»

የምን ቢሮ እንደነበረ አልነገሩኝም።

የመጠየቂያ ሰዓት ሲደርስ ከረባታቸውን ያጠብቁና «አንድ በአንድ ይግቡ!» ይላሉ። አጎቴን ሊጠይቁ ከሁሩታ የሚመጡት ዘመዶቻችን ግን ምሳ ዕቃና ፔርሙዝ ይዘው ግር ብለው ይገባሉ። ትናንት አክስቴ ተናኘወርቅ እንደ ወጉ ወደ እሳቸውም ጠጋ ብላ «እግዜር ይማርዎ» ብትላቸው፣ «ቀጠሮ አለሽ?» አሏት።

ጠያቂው ሁሉ ወጥቶ በሩ ሲዘጋ፣ ሲስተር ሄለንን በእጃቸው ጠሯት። ድምፃቸው ከማሽኑ ድምፅ ያነሰ ነበር።

«ሲስተር፣ እኔን ብሎ መጥቶ የመለስሽው ሰው አለ?»