ያልተከፈተው ዘፈን

በእንጨት ሥራ ቤቱ የምሳ ሰዓት የማይነሳ ወሬ የለም፤ እንደ ሙዚቃ ግን ሠራተኞቹን የሚያጨቃጭቅ ነገር አልነበረም። የሚጨቃጨቁት ደግሞ በዘፋኝ እንዳይመስላችሁ። «ሙዚቃ የት ሆነው፣ ምን ሆነው ሲሰሙት ነው የሚጣፍጠው?» በሚለው ነው።

ሶፋ ሰሪው፣ ቀኑን ሙሉ ከሚጠቀጥቀው ነገር የተነሳ ስፖንጅ የሚሉት፣ አፉ ዳቦ እንደሞላ ይጀምራል።

«ሥራ ላይ ነው እንጂ! መዶሻዬ ከከበሮው ጋር ከገጠመልኝ ወንበሩን እኔ ልጨርሰው ዘፋኙ ይጨርሰው አላውቅም።»

«ለዚህ ነዋ ወንበሮችህ የሚወዛወዙት» ትለዋለች ቫርኒሽ ቀቢዋ። «ሙዚቃ የሚጣፍጠው አውቶቡስ ውስጥ ነው። መስኮት ጥግ ይዘሽ፣ ውጭ እየዘነበ፣ ትንሽ የከፋሽ ነገር ሲኖር። እኔ ደስ ብሎኝ የሰማሁት ዘፈን ትዝም አይለኝ።»

«እንግዲህ አንቺን ለማስደሰት መጀመሪያ የሚያስለቅስሽ ሰው መቅጠር ነው!»

ተሳስቀው ሲያበቁ ሁሉም ፊታቸውን ወደ አንድ ሰው ያዞራሉ። የመላጊያ ማሽኑ ሠራተኛ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ጣውላ ልጓል። ስሙን የሚጠራው የለም፤ ባለጆሮው ነው የሚሉት። ማሽኑ ገና ሲነሳ ምላጩ መዶልዶሙን ከድምፁ ያውቅ ነበር፤ ጣውላ በጣቱ ኳኳ አድርጎ ውስጡ የተደበቀውን ስንጥቅ ይናገር ነበር። በዚህ ላይ የሙዚቃ ሰው ነው፤ በሙዚቃ ነገር የሱ ቃል የመጨረሻ ፍርድ ነው።

«ሙዚቃ ተቀምጠው ነው የሚሰሙት» ይላል ሻዩን አስቀምጦ። «በር ተዘግቶ፣ ዓይን ተጨፍኖ፣ ሆድ ሳይራብም ሳይጠግብም። አንድ ዘፈን ብቻ። ሁለተኛ ከጨመርክ የመጀመሪያውን አልሰማኸውም ማለት ነው። እናንተ ሙዚቃ አትሰሙም ልጆች፤ ሙዚቃ በአጠገባችሁ ያልፋል እንጂ።»

መኖሪያ ቤቱም ሕጉ ይኸው ነበር። እሁድ ከምሳ በኋላ፣ ራሱ በሠራው ባለመደገፊያ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ በሩ ይዘጋል፤ ዘፈኑ እስኪያልቅ ሰው አይናገርም፣ ሰው አይገባም። ሚስቱ ግን የሱን ሕግ የማታውቅ ፍጡር ነበረች። ሬዲዮኑን ጓሮ ይዛ ወጥታ፣ እጇን እስከ ክርኗ አረፋ ውስጥ ነክራ፣ ከዘፋኙ ጋር እያንጎራጎረች አንሶላ ታጥባለች። እሱ ይወጣና ቀጭ አድርጎ ይዘጋባታል።

«ወይ እጠቢ ወይ ስሚ!»

«የሚያጥበው እጄ ነው አንተ ሰውዬ፤ ጆሮዬ ሥራ ፈት ነው፣ ምን አደረገህ?»

እሱ ግን እንዲህ ያለውን መስማት ከመስማት አይቆጥረውም ነበር።

እንግዲህ የዚህ ሰው ጆሮ ነው መሞት የጀመረው።

በአንድ ቀን አልሞተም። እንጨት ቤት ያረጀ ሰው ግማሹ እንደዚያ ነው፤ ማሽኑ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየላጨ ይወስደዋል። ወጣቶቹ ጆሯቸውን በጥጥ ሲደፍኑ ባለጆሮው ይስቅባቸው ነበር፤ «ጆሮ የሌለው ሰው ከማሽን ምን አለው?» እያለ። መጀመሪያ የሄዱት ቀጫጭኖቹ ድምፆች ናቸው፦ የስልክ ጥሪ፣ የማለዳ ወፍ፣ የማንቆርቆሪያ ፉጨት። ቀጥሎ የሴትና የሕፃን ንግግር ጭራው እየተቆረጠ ይደርሰው ጀመር። እሱ ባትሪውን ወቀሰ። በአንድ ወር ውስጥ የሬዲዮኑን ባትሪ ሁለቴ ቀየረ። ከዚያ ሬዲዮኑን ወቀሰ። የሚወቅሰው ነገር ሲያልቅበት ገባው፤ ሲገባው ደግሞ ለማንም አልተናገረም።

ለምን ቢሉ፣ የመላጊያ ሠራተኛ ቢደነቁር ወግ ነው። ባለጆሮው ቢደነቁር ግን መሳቂያ ነው። ስፖንጅ በዚህ ብቻ ስንት ዓመት እንደሚቀልድ ታየው። ደግነቱ የእሁዱ ሕግ ነበረለት። በር የተዘጋበት፣ ዓይን የተጨፈነበት፣ ሰው የማይናገርበት ክፍል ለደንቆሮ ምን ይጎድለዋል? የሚያውቃቸውን ዘፈኖች ይከፍታል፤ በጭንቅላቱ ውስጥ ራሱ ይዘፍናቸዋል፤ ጣቱን ጉልበቱ ላይ እያማታ፣ አንገቱን እየነቀነቀ። ኩራት ብሎ ያወጣው ሕግ ጓዳ ሆነለት፤ ገብቶ ተደበቀበት።

ሚስቱ መጀመሪያ ጆሮ ዳባ ልበስ ያላት መስሏት አንድ ዓመት ሙሉ አኮረፈችው። አንድ ቀን ግን ከኋላው የብረት ድስት ከነክዳኑ ወደቀ። ድመቷ ብድግ ብላ ሮጠች፤ እሱ ዞር አላለም። ምንም አላለችውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን የምትነግረው ነገር ሲኖር ከፊት ለፊቱ ዞራ እየመጣች ትናገር ጀመር። እሱም ማወቋን አወቀ። ሁለቱም ዝም።

አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፤ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት። ነገሩ ሁሉ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው።

ከአራት ዓመት በፊት፣ ልጅቱ ተማሪዎቿን ስታዘፍን የሰማት አንድ የሙዚቃ ቡድን «ነይ» አላት። ከገባች ማስተማሩን መልቀቅ ነው፤ እንድትወስን ሁለት ሳምንት ሰጧት። ወደ እናቷ አልሄደችም፤ ወደ እሱ መጣች። ወንበሩ ፊት ቆመች።

«አባዬ፣ እንደ አባት አይደለም። እንደ ባለጆሮው ፍረድልኝ።»

ዘፈነችለት። ታች ታቹን ሰማት፤ ወፍራም፣ ሞቅ ያለ፣ እንደ ተላገ ዋንዛ ለስላሳ ነበር። ከዚያ ዜማው ወደ ላይ ወጣ። አፏ ተከፈተ፤ የአንገቷ ሥር ተገተረ፤ ድምፅ ግን የለም። እንደገና ወደ ታች ስትወርድ ተመለሰች። ስትጨርስ እጇን አጣምራ ቆመች። በዚያች ሰዓት «ልጄ፣ እኔ አልሰማሁም» ማለት ነበረበት። ያለው ግን ሌላ ነው።

«ታች ላይ ጎበዝ ነሽ። ላይ ስትወጪ ግን ድምፅሽ ይጠፋል። የሌለ ነገር ይዘሽ ሥራሽን አትልቀቂ።»

እሷም አላለቀሰችም፤ አመሰገነችው።

በማግስቱ እንጨት ቤት አዲስ ምላጭ ተገጠመ። ማሽኑ ሲነሳ ስፖንጅ ጆሮውን በሁለት እጁ ያዘ፤ ቫርኒሽ ቀቢዋ «ኧረ ይሄ ጩኸት!» ብላ ወጣች። ባለጆሮው የሰማው ወፍራም ማጉረምረም ብቻ ነው። ቆመና ሁለቱን አያቸው። በዚያች ቅጽበት ትናንት ልጁ አፍ ውስጥ የጠፋው ድምፅ የት እንደጠፋ አወቀ። ቀነ ገደቧ ገና አሥራ ሦስት ቀን ይቀረው ነበር። ነገ እነግራታለሁ አለ። ነገም፣ ከነገ ወዲያም። በአሥራ አራተኛው ቀን ለቡድኑ «አልመጣም» ብላ ጻፈች።

አራት ዓመት አለፈ። ዘንድሮ የአስተማሪዎች ማኅበር የራሱን የዘፈን ቡድን አቋቋመ፤ ልጅቱም ገባችበት፤ አንድ ዘፈኗ ተቀረጸ፤ ረቡዕ በሬዲዮ ሊተላለፍ ነው። ባለጆሮው ለእንጨት ቤቱ ሁሉ ነገረ። «መጀመሪያ እኔ ነኝ የምሰማው፤ እሁድ ታመጣልኛለች» ብሎ ደረቱን ነፋ።

መጣች። ስልኳንና አንዲት ትንሽ ድምፅ ማጉያ ከጎኑ ጠረጴዛ ላይ አኖረች። ጣቷ የስልኩን መስተዋት ሲነካ አየ፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየ፤ «በል እንግዲህ» ያለችው መሰለው። እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፈነ።

ያለችው ግን «ቆይ አባዬ፣ እማዬም ትስማ፣ ልጥራት» ነበር። ጓሮ ወጣች። እናትየው አንሶላ ልታሰጣ ነበርና ሁለቱ ጫፍና ጫፍ ይዘው እስኪጨምቁት ጊዜ ወሰደ።

ባለጆሮው በባዶው ክፍል ውስጥ ሥራውን ጀመረ። ጣቱን ጉልበቱ ላይ አማታ። አንገቱን ነቀነቀ። መሐል ላይ ቅንድቡን ሰብሰብ አደረገ፤ አንድ ከበድ ያለ ቦታ የደረሰ ያህል። ዘፈን የሚያክል ጊዜ በሆዱ ቆጠረና በረጅሙ ተነፈሰ። ዓይኑን ሲገልጥ እናትና ልጅ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ግሩም!» አለ። «ግሩም ነው ልጄ! በተለይ ከአዝማቹ ቀጥሎ ድምፅሽን ቀስ አድርገሽ የመለስሽበት… እሱ ላይ ገደልሽኝ!»

የሚስቱ እጅ ውስጥ ያለው እርጥብ ጨርቅ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ልጅቱ ቀረብ አለች፤ አፏን በደንብ አየው።

«አባዬ፣ ገና አልከፈትኩትም።»

«ስቀልድ እኮ ነው!» ብሎ ሳቀ። ብቻውን ሳቀ። ሳቁ የት ላይ ማቆም እንዳለበት ጠፋው። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«ታሾፍብኛለህ?» አለች ልጅቱ። «እስካሁን ስዘፍንልህ ሁሉ እንዲህ ነበር የምታደርገው?»

ይህን ጊዜ ሚስቱ ከፊት ለፊቱ ዞራ ገባችበት። በሃያ ስምንት ዓመት ትዳር አንድ ቀን ስትዋሽ ሰምቷት አያውቅም።

«ተይው፣ እሱ ምን ያድርግ፣ ጆሮውን አሞት ነው። ባለፈው ዓመት ያ ጉንፋን ከያዘው ወዲህ ነው። እንዳልነግርሽ ለምኖኝ ነው።»

የልጅቱ ፊት ባንዴ ተለወጠ። ወንበሩ ሥር ተንበረከከች፤ እጁን ያዘች። «ውይ አባዬ! ታዲያ ለምን ትደብቀኛለህ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያልክ ያሳደግኸኝ አንተ አይደለህም?» ሐኪም ቤት እንደምትወስደው፣ የሥራ ጓደኛዋ አባት ጆሮ ላይ የሚደረግ ነገር ገዝቶ እንደተሻለው፣ ቃል በቃል፣ ቀስ እያለች፣ ፊት ለፊቱ ነገረችው። የማይገባውን ርኅራኄ ነው የምታፈስበት። ስድብ ቢሆን ይሻለው ነበር።

«ደግሞ ምንም አልቀረብህም» አለችው ልታጽናናው። «ይሄንንም አንተ እንዳልከኝ ዝቅ አድርጌ ነው የዘፈንኩት። ዜማ አውጪው ከፍ በይ፣ ከፍ በይ ብሎ ነዝንዞኝ ነበር። አባቴ እዚያ ጋ ድምፅ የለሽም ብሎኛል፣ የአባቴ ጆሮ ደግሞ አይሳሳትም አልኩት።»

ባለፈው ዓመት። ሚስቱ የሰጠችው ስጦታ ነው፤ ተቀብሎ ዝም ቢል የዛሬ አራት ዓመቱ ፍርድ ፍርድ ሆኖ ይኖራል። ደንቆሮ ቢባል እንኳ ያኔ ግን ባለጆሮው ነበር ይባላል። ሚስቱን ቀና ብሎ አያት፤ እሷ ጨርቁን እየጠቀለለች ፊቷን አዞረች። ልጅቱ ተሰናብታው፣ ግንባሩን ስማው ወጣች።

አልተቀመጠም። ወንበሩ እንደ ጋለ ብረት ሆነበት። ነጠላ ጫማውን እንዳደረገ ተከትሏት ወጣ፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ ደረሰባት። ከፊትም ከኋላም ሰው አለ።

«አባዬ! ምን ረሳሁ?»

«ባለፈው ዓመት አይደለም።»

«ምኑ?»

«ጆሮዬ። ያኔ ስትዘፍኚልኝ ሄዶ ነበር። ላይ ስትወጪ… አፍሽን ነው ያየሁት። ድምፅሽን አልሰማሁትም።»

ከንፈሯ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ ዓመት እየቆጠረች እንደሆነ ገባው። ከዚያ ጠየቀችው፤ ቃሉን ሁሉ ከአፏ ላይ ለቀመው።

«ታዲያ ድምፄ ላይ ላዩ ነበረ ወይስ አልነበረም?»

«አላውቅም ልጄ።»

ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረችና አንድ ነገር ተናገረች። ጎኗን ብቻ ነው ያየው። አንገቱ እንደ ልማዱ ሊነቀነቅለት ተነሳ፤ «እህ፣ እሱስ ልክ ነሽ» ሊል አፉም ተዘጋጅቶ ነበር። ያዘው። ጣውላ ብቻውን የተሸከመ ያህል ከበደው።

«አልሰማሁም» አለ። «ድገሚልኝ።»

ዞረች። ይህን ጊዜ ግን በሙሉ ድምፅዋ ነው፤ ሰልፉ ሁሉ ዞር አለ።

«መቼ ነው ያወቅኸው ነው ያልኩህ!»

«በማግስቱ።»

«በማግስቱ? እና አሥራ ሦስት ቀን ሙሉ… ለምን አባዬ?»

«አፍሬ!»

ቀስ ብሎ የተናገረ ነበር የመሰለው። የራሱን ድምፅ መጠን ካጣ ቆይቷል። ተሳፋሪ የሚጠራው ተራ አስከባሪ ጥሪውን አቋርጦ ዞረ፤ ከኋላቸው የቆመች ሴትዮ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። ባለጆሮው የሰዉን ፊት አይቶ ነው መጮሁን ያወቀው። አልሸሸም፤ የሚሸሽበትም አልነበረውም።

ታክሲው መጣ፤ ሰልፉ ወደፊት ተንቀሳቀሰ። እሷ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም፤ ከኋላ ያሉት አንድ በአንድ እያለፏቸው ገቡ። እሱም አጠገቧ ቆመ፤ ምን እንደምትለው እንዳያመልጠው አፏን እያየ።