የዓይኔን ሥር ያጠቆረው ማን ነው?

ሥራዬ የሰው ዓይን ሥር ማጽዳት ነው። ቦሌ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ እውላለሁ። ሙሽሮችና ተመራቂዎች ፊታቸውን ትተውልኝ ይሄዳሉ፤ እኔ ብጉራቸውን አጠፋለሁ፣ ላባቸውን አደርቃለሁ፣ ከዓይናቸው ሥር ያለውን ጥቁረት በማውስ ቀባ ቀባ አድርጌ አነሳዋለሁ። ለቪዛ የሚነሱትን ብቻ አልነካም፣ አይፈቀድም። በዚህ ሥራ ስምንት ዓመት ቆይቻለሁ። ሰው ሲያናግረኝ ዓይን ዓይኑን የማየው ይመስለዋል እንጂ እኔ የማየው ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብዬ ነው።

የራሴን ግን ያየችልኝ አንዲት ሙሽራ ናት። አልበሟን ለማረም አጠገቤ ተቀምጣ ሳለ ዞር ብላ አየችኝና፣ «ቆይ አንቺ፣ የኔን እንዲህ የምታጠፊው፣ የራስሽን ለምን ተውሽው?» አለችኝ። ሳቅን። እሷ ስትሄድ ራሴን በስቱዲዮው ካሜራ አነሳሁና ስክሪኑ ላይ አሳድጌ አየሁት። በሁለቱም ዓይኖቼ ሥር ሰው ከሰል የነካ ጣቱን ያሳረፈበት ይመስላል፤ ቆዳውም ነፋ ብሏል። ደንበኛ ያየውን ነገር ባለሙያዋ ሳላየው መቆየቴ አናደደኝ። ንዴቱ ሲበርድልኝ ግን ከምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ያዘኝና አልለቅ አለኝ።

መልስ ሰጪ አልጠፋም። የሥራ ባልደረባዬ «እንቅልፍ ነው» አለች። እኔ ደግሞ ከየካ አባዶ ተነስቼ ቦሌ እስክደርስ ታክሲ ውስጥ አንገቴ እየተሰበረ የምተኛ ሰው ነኝ። ጎረቤቴ «ደም ማነስ ነው፣ ቀይ ሥር ብዪ» አለች። የፎቶ ቤቱ ባለቤት «ስልክ ላይ ስለምታመሺ ነው» አለ። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ የማላውቃቸው እናት ሳልጠይቃቸው «ጨጓራ ነው ልጄ» ብለውኝ ወረዱ።

ሁሉንም ለመሞከር ወሰንኩ፤ ግን በዘዴ። በግራ ዓይኔ ሥር የተቆረጠ ኪያር፣ በቀኝ ዓይኔ ሥር የቀዘቀዘ የሻይ ከረጢት እያስቀመጥኩ በየቅዳሜው በአንድ ዓይነት መብራት ራሴን ፎቶ አነሳ ጀመር። ባሌ የፊዚክስ መምህር ስለሆነ አሠራሬን ወደደው። «አንዱን ግን ሳትነኪው መተው ነበረብሽ፣ ለማወዳደሪያ» አለኝ። ሦስተኛ ዓይን ከየት ላምጣ? ከአምስት ቅዳሜ በኋላ ፎቶዎቹን ደርድሬ ሳያቸው ሁለቱም እኩል ጠቁረዋል።

ነገሩ ከጨዋታ የወጣው እናቴ ስታየው ነው። እናቴ የምትኖረው ሳሊተ ምሕረት ነው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለት ታክሲ ይዛ እኛ ጋ ትመጣለች። ያን እሑድ ፊቴን ደጋግማ አየችው። ባሌ ለስላሳ ሊገዛ ሲወርድ ጠብቃ፣

«ያስለቅስሻል?» አለችኝ።

«ማን?»

«ማን ይሆናል!»

ባሌ ዝምተኛ ነው። እንግዳ ሲመጣ ሰላም ይላል፣ ወንበር ስቦ ያስቀምጣል፣ ከዚያ በኋላ የሚናገረው ነገር ካላገኘ አይናገርም። እናቴ ደግሞ ዝም የሚል ሰው አታምንም። «አባትሽም ዝምተኛ ነበር» አለች። «የኔም ዓይን ሥር እንዲህ ነበር። ሰው ምን ሆንሽ ሲለኝ ጭስ ነው እል ነበር። ጭስ አልነበረም።»

አባቴ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። ሲጮህባት ሰምቼ አላውቅም፣ እጁን ሲያነሳም አላየሁም። የማስታውሰው እናቴ ክረምት ከበጋ ጋቢ ደርባ ድክም ብሏት ስትቀመጥ፣ እሱ ደግሞ ራቅ ብሎ ሬዲዮውን ሲነካካ ነው። እሷ ግን «ዕድሜዬን የጨረሰው እሱ ነው» ብላ ታምናለች። አሁን ደግሞ ልጇ በዚያው መንገድ እየሄደች ያለች መሰላት። ማልኩላት፣ ተገዘትኩላት፣ አልሰማችም። ከዚያ እሑድ ጀምሮ ባሌ «እንደምን አደሩ እማማ» ሲላት መልሷ ለግድግዳው ሆነ። እሱ ምን እንዳጠፋ አልጠየቀም፤ ወንበሩን ስቦ ማስቀመጡን ብቻ ቀጠለ። እኔ በጣም አዘንኩ፣ አፈርኩም። የጥቁረቱን ምክንያት ካላገኘሁ እናቴ በማያውቀው ጥፋት በልቧ ፈርዳበት ልትቀር ነው።

ስለዚህ ቦሌ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሟ ወጣት ናት። ስለ ዓይኔ ስነግራት ዓይኔን ትታ ሌላ ሌላ ትጠይቀኝ ጀመር።

«ብርድ ብርድ ይልሻል?»

«የካ አባዶ ነው የምኖረው፤ እዚያ የማይበርደው ማን አለ?»

«ፀጉርሽስ ይነቃቀላል? ክብደት ጨምረሻል? ጠዋት መነሳት ያቅትሻል? ያለ ምክንያት ሆድ ይብስሻል?»

ሁሉንም አዎ አልኩ። ከኋላዬ ቆማ ጣቶቿን ጉሮሮዬ ላይ አሳረፈችና «ምራቅሽን ዋጪ» አለችኝ። ደም ሰጠሁ። ውጤቱ ሲደርስ ወረቀት ላይ እየሣለች አስረዳችኝ። አንገት ላይ ቢራቢሮ የምትመስል ታይሮይድ የምትባል ዕጢ አለች፤ የኔዋ ሥራዋን ቀዝቀዝ አድርጋዋለች። እሷ ስትቀዘቅዝ ሰውነት ሁሉ ይቀዘቅዛል፣ ፊትም ውሃ ይቋጥራል። የዓይን ሥር ቆዳ ስስ ስለሆነ ነገሩ እዚያ ቶሎ ይታያል። በየጠዋቱ በባዶ ሆድ አንድ ክኒን እወስዳለሁ፤ ከዚያ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ምግብም ቡናም የለም። ምናልባት ዕድሜ ልኬን ነው። «እብጠቱ ይቀንስልሻል፤ ጥቁረቱ ግን ሙሉ በሙሉ ይጠፋል ብዬ ቃል አልገባም፣ የተፈጥሮም ሊኖርበት ይችላል» አለችኝ። በሽታ ተገኘብሽ ተብሎ እንደኔ የተደሰተ ሰው ያጋጠማት አይመስለኝም።

እናቴ ጋ የደወልኩት እዚያው ቦሌ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። ረዳቶቹ ይጮኻሉ። «እማዬ፣ ተገኘ! ታይሮይድ ነው!»

«ታይፎይድ?» አለች። «እሰይ! ታይፎይድ ነው እንዴ? ተመስገን አምላኬ!»

አዲስ አበባ ውስጥ ታይፎይድን የማያውቅ የለም። ራሱን ያመመው ሁሉ ተመርምሮ ታይፎይድ ይባላል፤ ክኒኑን ይውጣል፣ በሳምንት በሁለት ሳምንት ይነሳል። እናቴ እያለቀሰች «ሰላጣ ነው የበላሽው፣ የቦሌ ሰላጣ! ውሃሽን አፍልተሽ ጠጪ» እያለች ስትመክረኝ ስህተቱን በደንብ ሰምቼዋለሁ። ላርማት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ «ባልሽን ሰላም በይልኝ» ስትል ሰማሁና አፌን ዘጋሁ። ሁለት ወር ሙሉ ያላለችውን አለችው! አንዲት ፊደል ባትታረም ምን ይደርሳል ብዬ ተውኩት። ጥፋቱ የኔ ነው።

ለጥቂት ሳምንት ቤታችን ሰላም ሆነ። እናቴ ድፎ ዳቦ ጋግራ ይዛ መጣች፤ ለባሌ ትልቁን ቆርሳ ሰጠችው። የማኅበር ጓደኞቿ ሁሉ ታይፎይዴን ሰምተው በስልክ እግዜር ይማርሽ አሉኝ። በዚህ መሐል የፊቴ እብጠት እየጎደለ፣ ደረጃ ስወጣ ድካሙ እየቀነሰልኝ መጣ። ጥቁረቱ ግን ሳሳ አለ እንጂ አልሄደም። የቅዳሜ ፎቶዬን አላቋረጥኩም ነበርና እያንዳንዷን ለውጥ አውቃታለሁ። እናቴ ግን ፎቶዎቹን አላየችም፤ ያየችው በሦስተኛው ወርም ያልጠፋውን የዓይኔን ሥር ጥቁረት ነው።

አንድ እሑድ ሳንጠብቃት በጠዋት ደረሰች። እኔ ገና መነሳቴ ነው። ባሌ እንደ ወትሮው ክኒኑንና ውሃውን አምጥቶ ሰጠኝ፤ ዋጥኩት። እናቴ ያመጣችውን ትኩስ ዳቦ ቆርሳ ስታቀርብልኝ እሱ ሰሃኑን ሳብ አድርጎ ወደ ራሱ ወሰደው። «ገና ነው» አለ። ከሰላምታ ሌላ ያን ቀን ከአፉ የወጣው የመጀመሪያው ቃል ያ ነው።

እናቴ ብድግ አለች።

«ምግብም ትከለክላታለህ?» አለችው። ወደኔ ዞረች። «ሦስት ወር የሚቆይ ታይፎይድ የት አገር ነው ያለው? እኔን ታሞኚኛለሽ? ልብስሽን ሰብስቢ፣ ወደ ቤትሽ እንሂድ!»

«እማዬ፣ ታይፎይድ አይደለም! ታይሮይድ ነው! በሮ! ታይ-ሮ-ይድ!»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው? አሁን የፈጠራችሁት ነው?»

እኔ ዕጢ፣ ቢራቢሮ፣ ሆርሞን እያልኩ ስዘባርቅ እሷ ነጠላዬን ከመስቀያው አንስታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ከልቧ ነበር። ልትወስደኝ ነው የመጣችው። ያን ጊዜ ባሌ ሰሃኑን ጠረጴዛው ላይ አደረገና፣ «እማማ፣ እንቅርት ማለት ነው» አላት። «ሳያብጥ ውስጥ ለውስጥ የታመመ እንቅርት ይበሉት።»

 የእናቴ እጅ ቀስ ብሎ ወደ አንገቷ ሄደ። የተወለደችው ጎንደር ገጠር ነው፤ አንገቷን ዙሪያውን ሰማያዊ ያለ ንቅሳት ከቦታል። እኔ በዚያ ንቅሳት ላይ ተኝቼ ነው ያደግኩት፤ ስለ እሱ ግን አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም።

«ይሄን ለጌጥ የተነቀስኩት ይመስልሻል?» አለችኝ። «ልጅ ሆኜ እንቅርት ጀመረኝ። ያገራችን ሴት ሁሉ ነበረባት። ያቆመዋል ብለው ነው በመርፌ የወጉኝ።»

«አቆመው?»

«እብጠቱ ቆመ።» ተቀመጠች። ከዚያ እኔን ትታ ወደ ባሌ ዞረች። «ሐኪሟ እሷን ምን ምን ብላ ጠየቀቻት?»

እሱም ከኔ የሰማውን አንድ በአንድ ነገራት፤ ተማሪ እንደሚያስጠና ሰው ቀስ ብሎ። ብርድ ይልዎታል? ድካምስ? ፀጉርዎ ይነቃቀላል? ያለ ምክንያት ሆድ ይብስዎታል? እናቴ ለእያንዳንዱ ራሷን በአዎንታ ትነቀንቃለች። የመጨረሻው ላይ «እሱም ከዚህ ነው?» ብላ ጠየቀች። «ሊሆን ይችላል» አላት። እኔ እስከዚያች ደቂቃ የእናቴን የደረቀ ፀጉር፣ ያን ጋቢዋን፣ ከዓይኗ ሥር ያለውን ጥላ እያየሁ አንድ ጊዜ እንኳ አገጣጥሜው አላውቅም ነበር። ስምንት ዓመት የሰው ፊት ሳጠና የኖርኩ ሴት!

ክሊኒክ የወሰዳት እሱ ነው፣ እኔ ተከተልኩ። ውጤቱ ሲመጣ የእሷ ከኔ የባሰ ሆነ። ሐኪሟ ለስንት ጊዜ አብሯት እንደኖረ መናገር እንደማይቻል፣ ግን የቆየ እንደሚመስል ነገረችን። እናቴን ያን ሁሉ ዓመት ያስለቀሳት አባቴ ይሁን በሽታው አልጠየቅናትም፤ ሐኪም የሚመልሰው ጥያቄ አይደለም። እናቴ ወረቀቷን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወጣን።

ኮንትራት ታክሲ ያዝን። እናቴ ከኋላ ከኔ ጋ፣ ባሌ ከፊት ተቀምጧል። መገናኛን አልፈን ብዙ ከሄድን በኋላ «ልጄ» አለችው። እንዲህ ብላ ጠርታው አታውቅም።

«አቤት እማማ።»

«ይህን ሁሉ ጊዜ ስበድልህ ለምን ዝም አልከኝ?»

ወደ ኋላ ዞር አለ። «ደክሟቸዋል፣ ቢያርፉ ይተውኛል ብዬ ነው» አላት።

እናቴ ወደ መስኮቱ ዞረች። ሳሊተ ምሕረት እስክንደርስ ውጭ ውጭውን ታያለች። ስትወርድ ግን በሩን እንደያዘች ጎንበስ አለችና፣ «እሱም እንዲህ ብሎ ይሆናል ዝም ያለኝ» አለች።

ባሌ ማንን ማለቷ እንደሆነ አልገባውም። እኔ ግን ገብቶኛል፤ ወርጄ እስከ በሯ ድረስ ደግፌ ወሰድኳት።