ወደ ስፖንጋ፦ የእህቴን ነጠላ ላመጣ

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከምኖርበት ከብሬዴንግ ተነሣሁ። የሄድኩት የእህቴን የአስካለን ነጠላ ለማምጣት ነው። እህቴ በአጭር ሕመም ካረፈች ዛሬ አርባ ቀኗ ነው። ነጠላዋ ያለው በከተማው ሌላ ጫፍ ስፖንጋ፣ ሊጋያ የምትባል የፊሊፒንስ ተዋናይት ቤት ነው። በእኛ ደንብ የሟች ልብስ ለቤተሰብ ነው። እዚህ ስዊድን አገር ቤተሰቧ እኔ ብቻ ነኝ።

ጣቢያው በር ላይ እማማ ጥሩነሽን አገኘኋቸው። ቤተ ክርስቲያን እንተዋወቃለን።

«ወዴት ነው ልጄ?»

«ስፖንጋ፣ እማማ። ተዋናይቷ ቤት።»

«እሰይ! ሰላም በልልኝ። በቀብሩ ዕለት አለቃቀሷ! የሥጋ እህትም እንዲያ አታለቅስ። አንተማ እንደ ግንድ ተገትረህ ቀረህ።»

«እሷ ማልቀስ ሥራዋ ነው።»

«ተው አንተ! የሰው ዕንባ መዛኝ ሆንክ?» ብለው በከዘራቸው ጫማዬን መታ አደረጉኝ።

ቱነልባና የሚሉትን የከተማ ባቡር ይዤ መስኮቱ በኩል ቆሜ ሄድኩ። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ውኃው ታየ፤ በረዶው ተሰነጣጥቋል። እኔ ግን የማስበው ስለ ተዋናይቷ ነው። ታሪኳን ሳልፈልግ በቃሌ አጥንቼዋለሁ። እህቴ ቅዳሜ ማታ ከእሷ ዘንድ ስትመለስ ሌላ ወሬ አልነበራትም። ማኒላ ውስጥ በቴሌቪዥን ድራማ ክፉ እንጀራ እናት ሆና ስትሠራ፣ ገበያ ላይ ዓሣ ሻጮች «ላንቺ አንሸጥም» ብለው አባረዋታል። በኋላ ሬዲዮ ገባች። ጠዋት ጠዋት የአድማጮችን ደብዳቤ ታነባለች፤ እነዚያው ዓሣ ሻጮች የልባቸውን ይጽፉላታል። ከዚያ ስዊድናዊ አግብታ መጣች። አረጋውያን መንከባከቢያ ተቀጠረች፤ እህቴን ያገኘቻት እዚያ ነው። በኋላ ባሏ ሞተ። አሁንም ቅዳሜ በአንድ ትንሽ ሬዲዮ ለአገሯ ሰዎች ታወራለች። እህቴ ስቱዲዮ ገብታ አጠገቧ ትቀመጥ ነበር። ቋንቋው ሳይገባት! የእኔ ቅዳሜዎች የሄዱት እንዲህ ነው።

መሀል ከተማ ላይ ወርጄ የስፖንጋውን ባቡር ያዝኩ። ስንደርስ በአንድ በኩል ግቢ ያላቸው የእንጨት ቤቶች፣ በሌላው በኩል የኪራይ ፎቆች አሉ። ጣቢያው አጠገብ አበባ ይሸጣሉ። ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም። ሆን ብዬ ባዶ እጄን ሄድኩ።

በሩን የከፈተችው ራሷ ናት። የእህቴን ነጠላ ለብሳለች። ዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ከላይ አድርጋ፣ ልክ እንደ እኛ ሐዘንተኛ።

«ማን አሳየሽ?» አልኳት በስዊድንኛ።

«አስካለ። ባሌ የሞተ ጊዜ።»

ደሜ ፈላ። አልፌያት ገባሁ።

ሳሎኑ የእህቴን አርባ ሊያስቡ በመጡ በአገሯ ሰዎች ተሞልቷል። ሁሉም በወረቀት ሳህን ጥብስ ይዘው፣ ቆመው ይበላሉ። ጥብሱ የአሳማ ነው። ጠረጴዛው ላይ ግን አንድ የሸክላ ሳህን ብቻውን ቀርቧል። ሩዝና ዶሮ አለበት፤ ጠርዙ ላይ ሚጥሚጣ ተደርጓል። ወንበሩም ተስቦ ይጠብቃል። «በመጨረሻ ወንድም መሆኔን አወቁ» ብዬ ተቀመጥኩና መብላት ጀመርኩ።

ሰዎቹ መብላታቸውን አቁመው ወደ እኔ ዞሩ።

አንዲት ሴትዮ ጎንበስ ብላ፣ «የኔ ልጅ፣ እሱ የሟቿ ሳህን ነው። ለነፍሷ ነው የቀረበው፤ ሰው አይበላውም» አለችኝ።

ጉርሻው አፌ ውስጥ ቀረ። መትፋትም መዋጥም አቃተኝ። ያኔ ጣዕሙን አወቅሁት። ኮምጣጤ ያለበት ጥቁር መረቅ። የቅዳሜ ራቴ ነው። እህቴ «ሥራ ቦታ ተርፎ ነው» እያለች የምታመጣልኝ።

ሊጋያ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ዓይኗን አየሁት፤ ደረቅ ነው።

«ብላ» አለች። «ግማሹ ሁልጊዜም ያንተ ነበር። ሳትጠግብ ‹ለወንድሜ› ብላ ትቋጥረዋለች። ‹ቆይ እንጂ› ስላት ‹እየጠበቀኝ ነው› ብላ ትነሣለች። ስምህን ስሰማ ያመኝ ነበር።»

«እኔንም ያንቺን ስሰማ» አልኳት።

ሰዎቹ ሳቁ። እኔም ልስቅ ብዬ ነበር። አፌ ውስጥ የቀረው ሩዝ ከዕንባ ጋር ወረደ።

ስወጣ ነጠላውን ከትከሻዋ አውርዳ አጠፈችው። ትንሽ ይዛው ቆየች። ሌላ ሰው ቢሆን «ይቅር፣ ያንቺ ይሁን» ይል ነበር። እኔ ተቀበልኳት። የተረፈውንም በእህቴ ምሳ ዕቃ ሰጠችኝ።

ባቡር ውስጥ ነጠላውን አሸተትኩት። የሴትዮዋን ሽቶ ይሸታል። እንደገና ተናደድኩ።

ብሬዴንግ ስደርስ መሽቷል። ራቴን በልቼ ምሳ ዕቃውን አጠብኩ። ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ከአገር ቤት የሚላክልን ሚጥሚጣ አለ፤ ማን እንደሚጨርሰው ይገርመኝ ነበር፤ ለካ ስፖንጋ ነበር የሚሄደው። ከዚህ መንገድ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ እህቴ ከሁለት ቤት እየተካፈለች፣ አንድም ቅዳሜ በቅጡ ሳትጠግብ ነው ያለፈችው። ለሚመጣው ቅዳሜ ምሳ ዕቃው ውስጥ ሚጥሚጣ አደረግሁ። እስከ አፉ አልሞላሁትም፤ እስከ ግማሽ። ግማሹ የእኔ ነው።