የወንድሜ ጢም

ከዚህ በፊት ደብዳቤ እንኳ ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ሰው ፊት ማውራትም አልችልም። ይህን የምጽፈው ከከፋ ወጥታችሁ በሰው ቤት ለምትሠሩ እህቶቼና እዚያው ለቀራችሁት ነው።

ከቦንጋ የወጣሁት ሊነጋ ሲል፣ በዝናብ ነው። የአራት ዓመት ልጄን ማርታን እንደተኛች ለእናቴ ትቼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ታላቅ ወንድሜ አድማሱ ሻንጣዬን ላዩ ላይ አስሮ፣ "አታልቅሺ፤ እያለቀሰ የሚሄድ ሰው ዕቃ ይረሳል" አለኝ።

አድማሱ ኮማንዶ ነበር። ጉልበቱን ተመቶ ከተሰናበተ በኋላ በስልኩ ላይቭ እየገባ የአገሩን ወሬ ማስተላለፍ ጀመረ፤ የቡናውን ዋጋ፣ የተዘጋውን መንገድ፣ የጠፋውን ሰው። ጢሙን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቶ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነው የሚያወራው። ጎረቤቶቻችን፣ "ይሄ ዜና ነው ወይስ ትእዛዝ?" እያሉ ይስቁበት ነበር። በኋላ ግን ቅዳሜ ከሰዓት ሲሆን ሁሉም እሱን ማየት ጀመረ።

አዲስ አበባ፣ ዓረብ አገር የሚልከኝ ኤጀንሲ ቤት ፎቶ ሲያነሳኝ ሰውዬው፣ "ፈገግ በይ እንጂ፤ ያዘነች ሠራተኛ ማን ይቀጥራል?" አለኝ። ፈገግ አልኩ። "እንደሱም አይደለም፤ ማዳሞች ቆንጆ አይወዱም።" ምን እንደምሆን ጠፍቶኝ ስቆም አነሳኝ።

ቦንጋ ልብስ አልደርቅ ይለኝ ነበር፤ ጅዳ ግን አስጥቼ ሳልጨርስ የመጀመሪያው ይደርቃል። ኹብዝ የሚሉት ዳቦ አፌ ውስጥ ወረቀት ሲሆንብኝ ቆጮ ይናፍቀኛል። ማዳም ስልኬን ቆልፋ ታስቀምጠዋለች። የምትሰጠኝ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ልብስ ስተኩስ ብቻ ነው። ያኔ አድማሱን አያለሁ፤ ሲጨርስ ለእናቴና ለማርታ እደውላለሁ።

አንድ ቅዳሜ አድማሱ ሳይላጭ ቀረበ። ቆስሎ ሆስፒታል በተኛበት ጊዜ እንኳ በየቀኑ ይላጭ የነበረ ሰው ነው። በእኛ አገር ደግሞ ወንድ ሐዘን ላይ ሲሆን ጢሙን አይነካም። ደወልኩለት።

"ፋሽን ነው" አለኝ።

"እማዬስ?"

"ማርታን ይዛ ቢታ ገነት ከተማ፣ አክስታችን ጋ ሄዳለች። ኔትወርክ የለም።"

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጢሙ ጨመረ። በሦስተኛው ደግሞ ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ አየሁት። እናቴና ልጄ ግን ከቢታ ገነት አልተመለሱም። ሰው አገር ላለ ሰው ሞት በስልክ እንደማይነገር አውቃለሁ። ዓረብ አገር ለነበረችው የጎረቤታችን ልጅ አባቷ በሞተ ጊዜ፣ "ማሳ ወርዷል" ብዬ የዋሸኋት እኔው ነኝ። ከሁለቱ አንዷ ሞታለች፤ የቷ እንደሆነች ነው ያላወቅኩት። እየተኮስኩ፣ "አምላኬ፣ ልጄን ተውልኝ" ብዬ ጸለይኩ። ምን እያልኩ እንደሆነ እየገባኝ ጸለይኩ።

ማዳም የምተኩሰው ሸሚዝ ሲሸት መጣች። "አቃጠልሽው። ምን ሆነሻል?"

"ቤቴ ሰው ሞቷል።"

"ማን?"

"አላውቅም።"

"ስታውቂ ትነግሪኛለሽ። እስከዚያ ሌላውን ተኩሺ።"

አድማሱን ብለምነውም አልነገረኝም። ጠላት እጅ ቢገባ እንኳ ምስጢር እንዳያወጣ የሰለጠነ ሰው ነው። ላይቭ ላይ ግን ሰው የሚጽፍለትን ሁሉ፣ ስም እየጠራ፣ ዓይኑ እንዳረፈበት ያነባል። እኔ ሰው ያየኛል ብዬ አንድም ቀን ጽፌ አላውቅም ነበር። በስድስተኛው ቅዳሜ ካውያውን አቁሜ፣ "ጋሼ፣ የሞተችው ማን ናት?" ብዬ ጻፍኩ።

"ዓለሚቱ ከጅዳ፤ ጋሼ፣ የሞተችው..." ብሎ ቆመ። ከሥር ሰዎች "እግዜር ያጽናሽ" እያሉ ይጽፉ ጀመር። አገሩ ሁሉ ያውቅ ኖሯል። የሟቿን ስም የጻፈ ግን የለም። ላይቩ ተቋረጠ፤ ወዲያው ስልኬ ጠራ።

"አጠገብሽ ማን አለ?" አለኝ።

"ሲቲ አለች። አብራኝ የምትሠራ የኢንዶኔዥያ ልጅ ናት፤ ቋንቋ አንግባባም።"

"ቋንቋ አያስፈልግም። ጥሪያትና እጅሽን ትያዝ።"

ሲቲ የምታጥበውን ሳህን ትታ መጣች። ፊቴን አይታ ሳልጠይቃት እርጥብ እጇን ሰጠችኝ።

"ይዛሻለች?"

"ይዛኛለች።"

"ማርታ እዚሁ እኔ ጋ ናት፤ ደህና ናት። እማዬ ናት፣ ዓለሜ። ነገ አርባዋ ነው።"