ከኋላ አግዳሚ የሚመጣው ድምፅ

ታላቅ እህቴ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሙዚቃ ታስተምራለች። እኔ ከእሷ ጋር ግድግዳ በሚጋራው ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ጆሮዋ ቀጭን ነው፤ የማንም ልጅ ስህተት አያመልጣትም። ስትዘምር ግን በትምህርት ቤቱ የሰማት ሰው የለም።

አሠራሯም የራሷ ነው። ልጆቹን አሰልፋ ታዘምርና ጎንበስ እያለች ጆሮዋን ወደየአፋቸው ታስጠጋለች። ድምፁ ያልጣማትን ልጅ ትከሻውን በጣቷ ነካ ታደርገዋለች። ከዚያ ወዲያ ያ ልጅ አፉን ብቻ ያንቀሳቅሳል። ልጆቹ ይህን “ታሸገ” ይሉታል፤ እሷንም ከኋላዋ “አሻጊዋ” ይሏታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሷ አታውቅም።

“እትዬ፣ ልጆች እኮ ናቸው፤ ትንሽ ቢያበላሹስ?” አልኳት አንዴ።

“አንቺ ክፍልፋይሽን አስተምሪ” አለችኝ።

በአንድ የትምህርት ዓመት መጀመሪያ ርዕሰ መምህሩ የመዝሙር ቡድኑ በዓመቱ መዝጊያ ካላማረበት የሙዚቃ ክፍሉን መጋዘን እንደሚያደርገው ነገራት። ያ ክፍል ለእህቴ ትዳሯም ልጇም ነው። እንቅልፍ አጣች፤ ማሸጉንም አበዛችው።

ችግሩ ከኋላ በኩል የሚመጣ አንድ የተዛነፈ ድምፅ ነበር። አንዷን ልጅ አሸገች፤ ድምፁ አልጠፋም። አጠገቧ ያለችውን አሸገች፤ አሁንም አለ። ዓመቱ ሲጋመስ የኋላው ረድፍ በሙሉ አፉን ብቻ ይከፍትና ይዘጋ ነበር። የታሸጉት በበዙ ቁጥር ድምፁ እየጠራ ሄደ።

አንድ ቀን ጨነቃትና ሁሉንም አፋችሁን ግጠሙ ብላ ኪቦርዱን ብቻ ተጫወተች። ድምፁ ብቻውን ዘመረ። እኔ ጠመኔ እንደያዝኩ ቀረሁ። ተማሪዎቼ ወደ ግድግዳው ዞሩ።

“ቲቸር፣ ማናት?” አለችኝ አንዷ።

ማን እንደሆነች አውቄያለሁ። ልጆች ሳለን ከእህቴ ጋር አንድ አልጋ ላይ ነበር የምንተኛው፤ እንቅልፍ እስኪወስደኝ ታዜምልኝ ነበር። ዜማው ከፍ ሲል እሷ ሁልጊዜ ዝቅ ትል ነበር። አንድ ቀን አባታችን እንግዳ ፊት “አንቺ ዝም በይ፣ ጆሯችንን አታቁስይው” አላት፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ዘምራ አታውቅም። አባቴ ሞቷል፤ እኔ ግን በዚያች ቃሉ እስከ ዛሬ እናደድበታለሁ።

በእረፍት ሰዓት እህቴ ክፍሌ ድረስ መጣች።

“ሰማሻት? የማን ልጅ ናት?”

“አንቺው ነሽ እትዬ። ያኔ አልጋችን ላይ የምትዘምሪው።”

“ቀልድሽን ተይኝ” ብላ ሄደች።

በማግሥቱ ግን የታሸጉትን ሁሉ ትከሻቸውን እንደገና እየነካች “ዘምሩ” አለቻቸው። አንዳንዱ ያን ያህል ታፍኖ ስለከረመ ያለቅስ ነበር።

የመዝጊያው ቀን አዳራሹ በወላጅ ተሞላ። ልጆቹ ዘመሩ፤ የሳተም ነበር፣ ዜማውን ቀድሞ የሮጠም ነበር፣ ደስ ይል ነበር። በመጨረሻው መዝሙር ላይ እህቴ ከኪቦርዱ ተነሳችና ወደ ሕዝቡ ዞራ አፏን ከፈተች። ደስታዬ ወሰን አጣ። የአንገቷ ሥር ተገታተረ፣ ደረቷ ከፍ ዝቅ አለ። ድምፅ ግን ከእሷ አልወጣም። ከልጆቹ ጀርባ ካለው፣ ማንም ካልቆመበት አግዳሚ ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ ዘመረች። ዜማው ከፍ ሲል ዝቅ አለች።

አጠገቤ የነበረች እናት እንባዋን እየጠረገች “ይቺ ልጅ የማን ናት?” አለችኝ።

ጭብጨባው ሲያበቃ ርዕሰ መምህሩ ክፍሉ የእሷ እንደሆነ ነገራት። ሰው ወጥቶ ሁለታችን የኪቦርዱን ገመዶች ስንጠቀልል ከልጅነታችን ወዲህ አይቼው በማላውቀው ፈገግታ አየችኝ።

“እንዴት ነበርኩ?”

ልቤ ተሰበረ። “ጥሩ ዘመርሽ እትዬ” አልኳት።

“እንግዲህ አላቆምም” አለችና ገመዱን እየጠቀለለች መዝሙሩን ቀጠለች። ፊት ለፊቴ ቆማ አፏ ይንቀሳቀሳል። ድምፁ ከኋላዬ ነበር።